ተረብ ከመዝገበ ቃላት፦ ጓደኛን ባልተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንተርብ?

ሥራውን ሁሉ «ነገ እጨርሰዋለሁ» የሚል ጓደኛ አላችሁ እንበል። «ሰነፍ» ብትሉት ምንም አይመስለውም። ሲባል ስለኖረ ጆሮው ደንድኗል። «አንተ እኮ ፐሬንዲኔት ማድረግ ነፍስህ ነው» ብትሉት ግን ቀና ይላል። «ምን ማድረግ?» ይላል። ያኔ ትርጉሙን ትነግሩታላችሁ፦ ሥራን ወደ ነገ ሳይሆን ወደ ነገ ወዲያ ማስተላለፍ። ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው ራሱ ነው። ለእሱ ጠባይ ብቻ የተሰፋ የሚመስል ቃል ተገኝቷላ!

ይህን ጨዋታ በጣም እወደዋለሁ። ጓደኛሞች ሲተራረቡ ቃል ያልቅባቸዋል። ያው «ፋራ»፣ ያው «ሰነፍ»፣ ያው «አካባጅ» እየተመላለሰ ይሰለቻል። እንግሊዝኛ ደግሞ ከላቲን፣ ከግሪክና ከየቦታው የለቃቀማቸው፣ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ የማያውቋቸው ቃላት በሽ በሽ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ጨዋታውን ያበላሸዋል። ረጅም ቃል ይወረውርና ዝም ይላል። ያ ተረብ አይደለም፤ «እዩኝ» ማለት ነው። ቃሉ ጆሮ ያስቀስራል እንጂ አያስቅም። የሚያስቀው ትርጉሙ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ትርጉሙ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ጠባዩን ያዙ

ቃል ይዛችሁ የሚለጠፍበት ሰው አትፈልጉ። ያልገጠመ ቃል በግድ ይሆናል፤ በግድ የመጣ ተረብ ደግሞ ስድብ ስድብ ይሸታል። ይልቅ ጓደኛችሁን አስቡት። ምን ያደርጋል? ሁላችሁም የምታውቁት፣ እሱም የሚያምነው፣ ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ጠባይ ፈልጉ። ብዙ መተኛት፣ ነገር ማርዘም፣ ከት ብሎ መሳቅ፣ ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቃሉ የሚኬደው።

ለመነሻ ጥቂቶቹን ልስጣችሁ። «ስላጋቤድ» ረፋድ ላይ እንኳ ከአልጋ የማይወርድ ሰው ነው። «ግሮክ» ማድረግ ሌላው ሲበላ ይሰጠኝ ይሆናል ብሎ አፍ አፉን ማየት ነው። «ካኪኔት» ማድረግ ጣሪያ እስኪነቃነቅ መሳቅ ነው። «ብሎቪዬት» ማድረግ ፍሬ የሌለው ንግግር እያስረዘሙ መደስኮር ነው። ይህ ቃል እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1923 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከዋረን ሃርዲንግ ስም ጋር አብሮ ይነሳል። «ቦርቦሪግመስ» ሆድ ሲንጎራጎር የሚያሰማው ድምፅ ነው። የሕክምና ቃል ስለሆነ ቁም ነገር ይመስላል፤ ለዚህም ነው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሚያዋጣው።

ሁለት ቃላት ግን ለብቻቸው መነሳት አለባቸው። ታሪክ አላቸውና።

አንደኛው «አልትራክሬፒዴሪያን» ነው። የማያውቀው ነገር ውስጥ ገብቶ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ማለት ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከጥንቱ የግሪክ ሠዓሊ ከአፔሌስ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ እንደተረከው፣ አንድ ጫማ ሰሪ የአፔሌስን ሥዕል አየና የነጠላ ጫማው አሣሣል ላይ ስሕተት አገኘ። ሠዓሊው አረመው። ጫማ ሰሪው በማግሥቱ ልቡ አበጠና ስለ እግሩ አሣሣል መተቸት ጀመረ። አፔሌስም «ጫማ ሰሪ ከጫማው በላይ አይፍረድ» አለው። «ከጫማው በላይ» የሚለው የላቲን አባባል ከዚህ መጣ፤ ቃሉም የተሠራው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዊልያም ሃዝሊት አንድ ሃያሲን ሲወርፍ በቃሉ ተጠቀመበት። ቡድናችሁ ውስጥ ኳስ ሳይጫወት አሰልጣኝ የሆነ፣ ሳያገባ የትዳር አማካሪ የሆነ ሰው ካለ ቃሉ የእሱ ነው።

ሁለተኛው «መምፕሲመስ» ነው። ስሕተቱን አሳይተውትም አልመለስም የሚል ሰው ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የሚነገር ታሪክ አለ። አንድ ቄስ በላቲን ጸሎት ውስጥ «ሱምፕሲሙስ» ማለት ሲገባቸው ለዓመታት «ሙምፕሲሙስ» ሲሉ ኖሩ። ሲነገራቸው፣ የለመድኩትን ሙምፕሲሙስ በእናንተ አዲስ ሱምፕሲሙስ አልለውጥም አሉ። የዘፈን ግጥም ለዓመታት አሳስቶ የሚዘፍን፣ ሲታረም ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቀጥል ጓደኛ አላችሁ? እንግዲህ ቃሉ ተገኝቷል።

2. ቃሉን ሳታጣሩ አትወርውሩ

ኢንተርኔት ላይ «ያልሰማችኋቸው 50 ቃላት» የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። ግማሹ የተፈጠረ ወይም የተጣመመ ነው። አንድ ቃል ስትወዱ ቢያንስ አንድ የታወቀ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጉት። ጓደኛችሁ ስልኩን አውጥቶ ፈልጎ ካጣው፣ ተረቡ ወደ እናንተ ይዞራል።

ትልልቆቹ መዝገበ ቃላት እንኳ አልፎ አልፎ ይስታሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዶርድ» የሚል ቃል ነበረው። ትርጉሙ «እፍግታ» ይላል። እንዲህ የሚባል ቃል ግን በዓለም ላይ የለም። ትልቁም ትንሹም የ«ዲ» ፊደል የእፍግታ ምሕጻረ ቃል ነው ለማለት «D or d» (ትልቁ ዲ ወይም ትንሹ ዲ) ተብሎ የተጻፈ ካርድ፣ እንደ አንድ ቃል ተነብቦ ነው የገባው። እስከ 1939 ድረስ ያስተዋለ አልነበረም። ሌላው ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የኦክስፎርድ የአሜሪካ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ኤስኩዊቬሊየንስ» የሚል ቃል አስገባ። ትርጉሙ «ኃላፊነትን ሆን ብሎ መሸሽ» ነው። አዘጋጆቹ የፈጠሩት ሥራቸውን የሚገለብጡ ሰዎችን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ነው። ይህን ቃል ዕቃ ማጠብ ሲደርስ ስልክ ለሚደወልለት ጓደኛ መጠቀም ይቻላል። ግን ከነታሪኩ ንገሩት። ታሪኩ ከቃሉ ይበልጣል።

አጠራሩንም ስሙት። የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት የድምፅ ምልክት አላቸው፤ ተጫኑትና ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ በሉት። መሃል ላይ ምላሳችሁ ከተሳሰረ ነገሩ አበቃ። በዚህ ምክንያት በጣም ረጃጅሞቹን አልመክርም። «ፍሎክሲኖሲናይሂሊፒሊፊኬሽን» በእንግሊዝኛ 29 ፊደል ነው፤ አንድን ነገር እንደ ምናምንቴ መቁጠር ማለት ነው። ሁሉን ነገር ለሚያጣጥል ጓደኛ ልክ ነው። ግን ብላችሁት ስትጨርሱ እሱ ሌላ ወሬ ጀምሯል።

ድምፁ ራሱ አደገኛ የሆነ ቃልም አለ። «ኒጋርድሊ» ማለት ንፉግ፣ ቆንቋና ማለት ነው። ከጥቁሮች መስደቢያው ቃል ጋር በዘር አይገናኝም፤ ሲሰማ ግን ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የዋሽንግተን ከተማ ከንቲባ ረዳት የነበረ ሰው ስለ በጀት ሲያወራ ይህን ቃል ተጠቅሞ ነገር ተነሳና ሥራውን ለቀቀ። በኋላ ወደ አስተዳደሩ ተመለሰ። ለቀልድ የሚሆን ቃል ስንት አለ፤ ይህን ተዉት። መዝገበ ቃላቱ ከቃሉ አጠገብ «ነውር» ወይም «አስከፊ» የሚል ምልክት ካደረገም እንደዚሁ።

3. ትርጉሙን እንደ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የእንግሊዝኛውን ትርጉም እንዳለ አታንብቡ። በራሳችሁ አማርኛ፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አድርጉት። የመዝገበ ቃላት ለዛ ይኑረው፦ ቃሉ፣ «ስም» ወይም «ግሥ» የሚለው፣ ፍቺው፣ በመጨረሻም ምሳሌ። ይህ ደረቅ አቀራረብ ነው ጨዋታውን የሚያጣፍጠው።

ትልቁ ምስጢር ይኸው፦ ፍቺውን አትንኩት፤ ጓደኛችሁን ምሳሌው ውስጥ አስገቡት። ፍቺው እውነተኛ ሲሆን ማንም አይከራከርም። ምሳሌው ደግሞ ሁላችሁም ያያችሁት ነገር ሲሆን የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም። እንዲህ ማለት ነው፦

«አልትራክሬፒዴሪያን፣ ስም። ከሚያውቀው ውጪ ባለ ጉዳይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው። ምሳሌ፦ አልትራክሬፒዴሪያኑ መንጃ ፈቃድ ባይኖረውም ከኋላ ወንበር ሆኖ እስከ ቤት ድረስ ነዳን።»

እዚህ ውስጥ አንድም የስድብ ቃል የለም። «አስቸጋሪ» የለም፣ «ጉረኛ» የለም። የሆነው ነገር ብቻ ነው ያለው። ቅጽል ባበዛችሁ ቁጥር ተረቡ ይከብዳል።

ይህ አካሄድ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ አጃን ሲፈታ፣ በእንግሊዝ አገር ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሕዝቡ የሚኖርበት እህል ብሎ ጻፈ። አብረውት ይሠሩ ከነበሩት ስድስት ጸሐፊዎች አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ! በየቀኑ ፊት ለፊቱ የሚቀመጡትን ሰዎች ነው በፍቺው የተረባቸው። እሱ ተረቡን ፍቺው ውስጥ ነው የከተተው። ለእኛ ግን ምሳሌው ይሻለናል፤ ፍቺውን ስናጣምም ቃሉ ራሱ ይጠፋል።

4. ወርውሩና ጠብቁ

ጊዜው ጠባዩ የታየበት ደቂቃ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ቅድም እኮ…» ብሎ መጀመር ዋጋ የለውም። ፊታችሁ ላይ ሳቅ አይኑር። ቃሉን እንደ ተራ ቃል በወሬ መሃል ጣል አድርጉትና ቀጥሉ። እሱ ይጠይቅ። ሳይጠየቅ የተነገረ ትርጉም ትምህርት ይሆናል።

ለምሳሌ ሁለት ልጆች ሶፋ ተሸክመው በር ላይ ተቀርቅረዋል። ሦስተኛው እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«ትንሽ ወደ ግራ» ይላል።

«እሺ ጎንጉዝለር።»

«ምን?»

«ጎንጉዝለር።»

«ስድብ ነው?»

«ኧረ አይደለም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ነው።»

«እና ምንድን ነው?»

«ስም ነው። ሌላው ሲሠራ ቆሞ የሚያይ ሰው። ድሮ እንግሊዝ አገር ቦይ ዳር ቆመው ጀልባ ሲያልፍ የሚያዩትን ነበር እንዲህ የሚሏቸው። ምሳሌ፦ ሶፋው በሩ ላይ ተቀርቅሮ ሳለ ጎንጉዝለሩ ‹ትንሽ ወደ ግራ› አለ።»

ልጁ እየሳቀ እጁን ከኪሱ ያወጣና የሶፋውን እግር ይይዛል። ልብ በሉ፦ ምሳሌው ውስጥ የገባው እሱ ራሱ አሁን የተናገረው ቃል ነው። ከዚህ በላይ ማጌጥ አያስፈልገውም።

ጓደኛችሁ ካልጠየቀስ? አልፋችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ሁለተኛ ጊዜም ካለፈው ቃሉን ለሌላ ቀን አስቀምጡት። «ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቀኝም?» ማለት ከጀመራችሁ ወሬው ቀዝቅዟል ማለት ነው።

በጽሑፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቴሌግራም ላይ ፊታችሁ አይታይም፤ ድምፃችሁም አይሰማም። ሰው ቃሉን ብቻውን አይቶ የፈለገውን ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ከነትርጉሙ በአንድ መልእክት ላኩት። አጠራሩ የሚያስቅ ከሆነ በድምፅ ላኩት።

5. ሰሙ ስድብ፣ ወርቁ ሙገሳ

ከሁሉ የምወደው ይህ ነው። ሲሰማ የሚያስቆጣ፣ ሲፈታ ግን የሚያኮራ ቃል ፈልጉ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ አዲስ አይደለም።

«ፐልክሪትዩዲነስ» የሚለውን አፋችሁን ሞልታችሁ በሉት። የቆዳ በሽታ ይመስላል። ትርጉሙ ግን «መልከ መልካም፣ ውብ» ነው። አዲስ ልብስ ለብሳ ለመጣች ጓደኛችሁ «ዛሬስ ፐልክሪትዩዲነስ ሆነሻል» በሏት። ዓይኗ ይፈጣል። ስትጠይቅ ወዲያው ፍቱላት። «ፐርስፒኬሽየስ» ደግሞ ነገር ቶሎ የሚገባው፣ አስተዋይ ማለት ነው። «ኢንዲፋቲገብል» የማይደክመው ማለት ነው፤ ግን መሃሉ ላይ «ፋት» የሚል ድምፅ አለ፤ ያም በእንግሊዝኛ «ወፍራም» ነው። ስለ ክብደቱ የሚጨነቅ ሰው ላይ ይህን አትሞክሩ። ትርጉሙ እስኪነገረው ያለችው ጥቂት ሰኮንድ ለእሱ ረጅም ናት።

ተገላቢጦሹን ግን አልወደውም። ሙገሳ መስለው ስድብ የሆኑ ቃላት አሉ። «ሜሪትሪሸስ» ሲሰማ ብቃት ያለው የሚል ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ላዩን የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ባዶ ማለት ነው። ሰው አመስግኗችሁ ከጨረሰ በኋላ «ስድብ ነበር እኮ» ብትሉት፣ የሰደባችሁት ሳይሆን ያታለላችሁት ነው የሚመስለው። ምስጋናው በሰው ፊት ከነበረማ ይባስ። ያ ሳቅ የእናንተ ብቻ ነው፤ እሱ አይካፈለውም።

6. የማይነኩ ነገሮች

ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይባላል። መልክ፣ ቤተሰብ፣ ሕመም፣ የገንዘብ ችግር፣ የተበላሸ ፍቅር አይነኩም። ቃሉ የቱንም ያህል ቢገጥም አይነኩም። በአለቃው ወይም ገና በተዋወቃት ልጅ ፊትም ሰውን አትተርቡ።

በዚህ ጨዋታ ላይ ደግሞ የተለየ አደጋ አለ፤ እሱም ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛው ደካማ እንደሆነ የሚሰማው ጓደኛ ካላችሁ፣ የማያውቀው ቃል ሲነገረው የሚሰማው ቀልዱ ሳይሆን አለማወቁ ነው። ለእሱ ሳይጠይቅ ፍቱለት። «እኔም ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘሁት» በሉት፤ እውነትም ነውና። አነጋገሩን ሊሞክር ሲል ካሳሳተ አትሳቁ። ቃሉን ለመማር የደፈረ ሰው ላይ መሳቅ ጨዋታውን ለሁሉም ይዘጋዋል።

አንድ ሰው ከልቡ ሲስቅና ለሰው ብሎ ፈገግ ሲል ይለያል። ዝም ካለ፣ ወሬ ከቀየረ፣ ስልኩን ማየት ከጀመረ ቃሉን ጣሉት። ለብቻው ስታገኙት «ይቅርታ፣ ከበደህ መሰለኝ» በሉት። «ቀልድ ነው እኮ» አትበሉት። እንዲህ ስትሉት፣ መከፋቱንም እንደ ጥፋት ቆጠራችሁበት ማለት ነው።

7. ሁሉም የሚገባበት ዙር

አንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይበዛ ነገሩን ወደ ጨዋታ ለውጡት። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ ደስ ይላል። አንዱ መዝገበ ቃላት ይይዝና ማንም የማያውቀውን ቃል ይመርጣል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የውሸት ትርጉም በወረቀት ጽፈው ይሰጡታል። እሱ እውነተኛውን ጨምሮ፣ ደባልቆ፣ ድምፁን ሳይቀያይር ሁሉንም ያነባል። ከዚያ እውነተኛው የቱ እንደሆነ ትገምታላችሁ። ትክክለኛውን ያገኘ አንድ ነጥብ ያገኛል። የውሸት ትርጉማችሁን ላመነ ለእያንዳንዱ ሰው እናንተ አንድ ነጥብ ታገኛላችሁ። ይህ የቆየ የቤት ውስጥ ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮም «ባልደርዳሽ» በሚል ስም በሳጥን እየተሸጠ ነው። ባልደርዳሽ ራሱ ትርጉም የሌለው ወሬ ማለት ነው።

የቃል ምርጫው ላይ ተጠንቀቁ። በ«ፎቢያ» የሚያልቅ ቃል አታምጡ፤ ፍርሃት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ረጃጅም የላቲን ቃላትም ሥራቸው ያጋልጣቸዋል። አጫጭሮቹ ይሻላሉ። «አግሌት» የጫማ ክር ጫፍ ላይ ያለችው መያዣ ናት። «ቲትል» በትንሿ የእንግሊዝኛ «አይ» ፊደል ላይ ያለችው ነጥብ ናት። «ኦክስተር» ብብት ነው። እነዚህን ሰምቶ የሚገምት የለም።

ተረቡ እዚህ ጋ የሚገባው በውሸት ትርጉሙ ነው። «አግሌት፣ ስም። ሒሳብ ሊከፈል ሲል ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው» ብሎ አንዱ ቢጽፍ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አይታወቅም። ተራው ስለሚዞርም ማንም ብቻውን አይተረብም።

8. ሲመለስባችሁ

መመለሱ አይቀርም፤ ካልተመለሰ እንዲያውም አንድ ነገር ተበላሽቷል። ጓደኛችሁ «ሰስኩዊፒዴሊያን» ሊላችሁ ይችላል። ረጃጅም ቃል የሚያበዛ ሰው ወይም ራሱ ረጅሙ ቃል ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን ሲፈታ «አንድ ጫማ ተኩል የሚረዝም» ነው። ያኔ አትከራከሩ፤ አጠራሩንም አታርሙ። ትርጉሙን ጠይቁ፣ ሳቁ፣ «ምሳሌውስ?» በሉት። ጆንሰን እንኳ ስኮትላንዳውያኑን ከመተረብ አልፎ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጅን ሲፈታ ጉዳት የሌለው ለፊ ብሎ ራሱንም አስገብቷል።

ቃሉ ቅጽል ስም ሆኖ ይቅር ወይ? ይህን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ሌሎች ሲሉት ዝም የሚል ከሆነ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ተዉት። አዲስ ሰው ሲተዋወቅ «እኔ እኮ የቡድኑ ጎንጉዝለር ነኝ» ብሎ ራሱ ካስተዋወቀ ግን ቃሉን ወስዶታል። ለእሱ ተዉለትና ለቀጣዩ ጠባዩ ሌላ ፈልጉ።